በክረምት የደረሰ አፕል እስከ መስቀል ይቆያል? የትኛው ዝርያ ነው የሚቀመጠው? (ወሎ ደጋ)

ኩታበር_ደጋ | ሐምሌ 6

ሰላም ለሁላችሁ፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?

ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ኩታበር ጓሯችን ላይ የዛሬ 5 ዓመት 32 የአፕል ችግኝ ተክዬ ነበር። 20ው አና ነው፣ 6ቱ ዶርሴት ጎልደን፣ የቀሩት 6 ደግሞ ግራኒ ስሚዝ ናቸው ተብዬ የገዛኋቸው። አናውና ዶርሴቱ ጥር መጨረሻ ላይ ያብቡና ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ይደርሳሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናቡ ከቀትር በኋላ አያስወጣም፣ እንደምንም ደሴ ሰኞ ገበያ ብደርስ ከየቦታው የመጣ አፕል ተከምሮ ይጠብቀኛል። ነጋዴው የሚጠራልኝ ዋጋ የለቀማውን ድካም አይከፍልም። ያው ነጋዴ ግን ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል «አፕል አለህ ወይ?» ብሎ ይደውልልኛል።

አምና ታዲያ ላቆየው ብዬ 4 ካርቶን ጓዳ አስቀመጥኩ። ጓዳው ጨለማና ቀዝቃዛ ነው፣ እናቴ ቅቤ የምታኖርበት ቦታ ነው። ሐምሌ 20 ገደማ ሳየው ደህና ነበር። ነሐሴ 10 ላይ አንዱን አንስቼ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ቆዳው ሳይሰነጠቅ ወደ ውስጥ ገባ። ስቆርጠው ውሃ የለውም፣ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ድንች ይፈረካከሳል። ሽታው ግን ቤቱን ሞልቶታል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ከ4ቱ ካርቶን ለሰው የሚሰጥ ግማሽ ካርቶን እንኳ አልወጣኝም።

ጥፋቱ የኔ አቀማመጥ ነው ወይስ ዝርያው? ዘንድሮ ለቀማ ጀምሬያለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ነው።

---

የጦሳ_ሥር | ሐምሌ 6

ፍሪጅ ካለህ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስገባው። ሌላ መላ ያለው አይመስለኝም።

---

ኩታበር_ደጋ | ሐምሌ 6

ፍሪጅ አለን፣ ግን 20 ኪሎ እንኳ አይይዝም። በክረምት መብራቱም እየሄደ እየመጣ ነው።

---

ልማት_ሠራተኛ | ሐምሌ 7

ወንድሜ፣ አብሽር፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ትልቁ ነገር ዝርያው ነው። አና ለማስቀመጥ የተፈጠረ አፕል አይደለም። በግብርና ሥራ ላይ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ በየደጋው እየዞርኩ ያየሁትንም የተማርኩትንም ልጻፍልህ።

አና እስራኤል ውስጥ ኤን ሼመር በሚባል የእርሻ መንደር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተዳቀለ ነው። ዓላማው ብርድ በማይበዛበት አገር የሚያፈራ አፕል ማግኘት ነበር። አፕል ዛፉ እንዲያብብ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ የብርድ ሰዓት መቁጠር አለበት። ለአና 300 ሰዓት ቢበዛ ይበቃዋል። ዶርሴት ጎልደን ከባሃማስ ደሴቶች፣ ከናሶ የተገኘ ነው፣ እሱም ብርድ ብዙ አይፈልግም። ሁለቱ አብረው ስለሚያብቡ ነው ጎን ለጎን ተተክለው የምታያቸው፤ አና ያለ ሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ፍሬ በደንብ አይዝም። እኛ አገር ከቸንቻ ጀምሮ እነዚህ የተስፋፉበት ምክንያት ይህ ነው።

ነገር ግን ቶሎ የሚደርስ አፕል ቶሎ ያረጃል። ይህ በየትም አገር ያለ ነገር ነው። ፍሬው ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ደግሞ ራሱን ፍሬውን ያበስለዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ያነሳሳል። ቀድመው የሚደርሱት ዝርያዎች ይህን ጋዝ በብዛትና በፍጥነት ያወጣሉ። ቤቱን የሞላው ሽታ ያልከው ፍሬው ወደ እርጅና እየሮጠ መሆኑን የሚነግርህ ነው።

በጥሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ 0 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበቱ 90 ከመቶ በላይ ሆኖ፣ አና ከ1 እስከ 2 ወር ነው የሚቆየው። ጋላ ከ2 እስከ 4 ወር ይሄዳል። ጎልደን ዴሊሽየስ እስከ 4 እና 5 ወር ይቆያል፣ ግን ቆዳው ስስ ስለሆነ ይጨማደዳል። ፉጂና ግራኒ ስሚዝ 5 እና 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ይህ በማቀዝቀዣ ነው። በቤት ሙቀት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ 20 ዲግሪ ላይ ያለ አፕል 0 ዲግሪ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይለሰልሳል። ያንተ ጓዳ በክረምት 14 ወይም 15 ዲግሪ ቢሆን ነው። ለሰው ቀዝቃዛ ነው፣ ለአና ግን ሙቀት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ አናውን ለመስቀል ለማድረስ አትልፋ። ሽጠው፣ ወይም ሌላ ነገር ሥራበት። 6ቱ ግራኒ ስሚዝ ግን እውነት ግራኒ ስሚዝ ከሆኑ ሀብትህ እነሱ ናቸው።

---

ኮምቦልቻ_ፍራፍሬ | ሐምሌ 7

የነጋዴውንም ወገን ስሙን። አና በሐምሌ የምንጠላው ክፉ ሆነን አይደለም። ዛሬ ማለዳ 100 ኪሎ ከደጋ ተረክቤ ኮምቦልቻ ሳወርደው ሙቀቱ ሌላ ነው፣ 1,850 ሜትር ላይ ነን። በ4ኛው ቀን ሴቶቹ ጫን ጫን አድርገው «ይሄ ዱቄት ሆኗል» ብለው ይመልሱታል። ያልተሸጠው ኪሳራ የኔ ነው። ከውጭ የሚገባው ግን ሱቅ ላይ 3 ሳምንት ተቀምጦ ሲነከስ ይሰበራል። እኔም ምስጢሩን ማወቅ እፈልጋለሁ። መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ፣ ሰም ነው የሚሉም አሉ።

---

ሀምቡርግ_ወሎየ | ሐምሌ 8

ከሀምቡርግ ነኝ፣ የተወለድኩት ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው። ከዚህ ከተማ ወጣ ሲሉ በኤልበ ወንዝ ዳር አልተስ ላንድ የሚባል የአፕል አገር አለ፣ በለቀማ ወቅት 2 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ኮምቦልቻ ለጠየቅከው መልስ ላምጣ።

እዚህ አገር ክረምት ማለት በረዶ ነው፣ የእኛ ክረምት አይደለም። ለማቆየት የሚፈለገው አፕል በመስከረምና በጥቅምት ይለቀማል፣ ልክ ብርዱ ሲመጣ። የለቀምነው በዚያው ቀን ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ አለቃችን ፀሐይ ላይ የቆመ ሳጥን ካየ ይቆጣ ነበር። ትልልቆቹ መጋዘኖች በሩ ከተዘጋ በኋላ አየሩን ይለውጡታል። እኛ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 ከመቶ ኦክስጅን አለ፣ እዚያ ውስጥ ወደ 1 ወይም 2 ከመቶ ይወርዳል። ፍሬው መተንፈሱን ይቀንሳል፣ ያንቀላፋል ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ላይ 3 ሳምንት ቆየ ያልከው አፕል ከዛፉ ከወረደ ምናልባት 6 ወር አልፎታል። ሰም የሚቀባም አለ፣ ውሃው እንዳይተን ይረዳዋል፣ ዋናው ግን ብርዱና አየሩ ነው።

የድሮ ሰዎች ደግሞ ያለ ማሽን ያቆዩ ነበር። ቦስኮፕ የሚባል ዝርያ አለ፣ በ1856 (እ.ኤ.አ.) ሆላንድ ውስጥ ቦስኮፕ በምትባል ከተማ የተገኘ። ሲለቀም ጥርስ የሚያደነዝዝ ጎምዛዛ ነው። ምድር ቤት ውስጥ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ይደረደራል፣ ለገና ጣፍጦ ይወጣል፣ እስከ መጋቢትም ይበላል። ጎረቤቴ አሮጊት ናቸው፣ አሁንም እንደዚያ ያደርጋሉ። በጥቅምት ላይ ቀምሼው ምራቄን ስውጥ አይተው ሳቁብኝ፣ በታኅሣሥ ያንኑ አፕል ልጠው ሰጡኝ። ሌላ ፍሬ ነው የሚመስለው። ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጧል፣ ጉምዘዛውም ቀንሷል።

ለመቀመጥ የሚሆን አፕል በለቀማ ቀን የሚጣፍጥ አይደለም። በለቀማ ቀን ጠንካራና ጎምዛዛ የሆነው ነው።

---

ከሰል_ቤት | ሐምሌ 8

የከሰል ማቀዝቀዣ ሥራ! የእንጨት ቤት፣ ግድግዳው ድርብ የዶሮ ሽቦ፣ መሀሉ ከሰል ተሞልቶ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ለቲማቲም ሠርቼ በጣም ጠቅሞኛል። መብራት አይፈልግም።

---

ልማት_ሠራተኛ | ሐምሌ 8

ከሰል_ቤት፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን የት ነው የሠራኸው? ሚሌ በኩል ወይም ባቲ ከሆነ አምንሃለሁ። ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ደሴና ኩታበር በሐምሌ ጉም ውስጥ ናቸው፣ የታጠበ ልብስ 3 ቀን አይደርቅም። ልብስ የማያደርቅ አየር ከሰሉንም አያደርቅም፣ ካልደረቀ ደግሞ አይቀዘቅዝም። በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ያለ ጥርጥር ይሠራል።

---

ከሰል_ቤት | ሐምሌ 8

ባቲ ነው የሠራሁት። ተቀብያለሁ።

---

አባ_ጉጉፍቱ | ሐምሌ 9

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ።

ጉጉፍቱ ብርድ ነው፣ ታውቁታላችሁ። አና እዚህ ደህና ሆኖ አላየሁትም፣ ቀድሞ ያብብና አበባውን በረዶ ያወርድበታል። እኔ ያለኝ 9 ግራኒ ስሚዝና 4 ጎልደን ዴሊሽየስ ነው። የሚያብቡት መጋቢት ላይ ነው፣ ግራኒው የሚለቀመው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በጥቅምት እኛ ጋር ሌሊቱ ይቆረጥማል፣ ቀኑ ደረቅ ነው። አምላክ ለማስቀመጥ የሰጠን ወራት ናቸው።

የማስቀምጥበት ቤት የበግ ቤት የነበረ ነው። አጸዳሁት፣ በኖራ ለቀለቅሁት፣ መደርደሪያ ሠራሁ። በስተ ሰሜን ትንሽ መስኮት አለው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ስከፍተው ብርዱ ይገባል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እዘጋዋለሁ። ቀን አይከፈትም። ልጆቹ ለምን ቀን አየር አይገባም ይሉኛል፣ ቀን የሚገባው አየር ሙቀት ነው እላቸዋለሁ። መሬቱን በሳምንት አንዴ ውሃ እረጨዋለሁ፣ አየሩ ከደረቀ ፍሬው እንደ አሮጊት ፊት ይጨማደዳል።

ጭድ ላይ ነው የምደረድረው፣ አንዱ አንዱን ሳይነካ። ጭዱ ደረቅና ሽታ የሌለው ይሁን፤ አንድ ዓመት የሻገተ ጭድ አድርጌ ፍሬው ሁሉ የሻጋታ ጣዕም አመጣ። ከሽንኩርት ጋር አታድርጉ። ከድንች ጋር አታድርጉ። ሽታውን ይጠጣል።

አለቃቀሙም አለ። ፍሬውን ጎትተህ አትንቀለው። መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ ወደ ላይ ጠምዘዝ አድርገው፣ የደረሰ ከሆነ ከነጭራው እጅህ ላይ ይቀራል። ጭራው የተነቀለ ፍሬ በቀዳዳው በኩል ይበሰብሳል። ከከፍታ የወደቀውን ለብቻ ለዩት፣ ያማረ ቢመስልም። እኔ ለገናም ለጥምቀትም አፕል አውጥቼ አውቃለሁ፣ አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ገብቶም ነበረኝ።

---

ኩታበር_ደጋ | ሐምሌ 9

አባባ፣ እድሜ ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል ደክመው ስላጻፉልኝ። ልማት_ሠራተኛ ያለው አሁን ገባኝ። እኔ የታገልኩት ከራሱ ከወራቱ ጋር ነው ለካ፤ አናው የሚደርሰው ጉምና እርጥበት ባለበት፣ ሌሊቱም ለአፕል በቂ ባልቀዘቀዘበት ወር ነው።

የኔን 6 ዛፎች ዛሬ ሄጄ ደግሜ አየኋቸው። 4ቱ ፍሬያቸው ገና ጠንካራ አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለው። 2ቱ ግን በአንድ ጎን ቀይ እየሆኑ ነው። ግራኒ ስሚዝ ቀይ ይሆናል?

---

ልማት_ሠራተኛ | ሐምሌ 9

ግራኒ ስሚዝ ፀሐይ በሚመታው ጎን ትንሽ ሮዝ መልክ ሊያመጣ ይችላል፣ በሐምሌ ግን አይቀላም። 2ቱ አና ሳይሆኑ አይቀሩም። የአናን ቅርጽ ታውቀዋለህ፣ ረዘም ብሎ ታቹ ጠበብ ይላል። እንደዚያ ነው?

---

ኩታበር_ደጋ | ሐምሌ 10

እንደዚያ ነው። የዚያን ጊዜ ለ6ቱ የከፈልኩት እኩል ነበር። 5 ዓመት ነው የጠበቅኳቸው። የሸጠልኝን ሰው ስም አላነሳም፣ እሱም ከሌላ ያመጣው ይሆናል፣ ግን ውስጤ አዘነ።

---

ሀይቅ_ዳር | ሐምሌ 10

እኔም ደርሶብኛል። ፉጂ ተብዬ 10 ችግኝ ገዛሁ፣ 7ቱ ዶርሴት ወጣ። ችግኝ ስትገዙ ምልክቱ ከዛፉ ጋር የታሰረ ይሁን፣ ቢቻል ቅርንጫፉ የተወሰደበትን እናት ዛፍ ፍሬ ይዞ ሳለ ሄዳችሁ እዩ። ሌላ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

---

እመ_ኢክራም | ሐምሌ 10

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ ደሴ ሆጤ ነኝ፣ የማውቀው የጓዳውን ነው። ለዘንድሮው አና ልንገርህ ወንድሜ፣ እንዳይበላሽብህ።

ጠንካራውን ለይተህ በ10 ቀን ውስጥ ሽጠው። ትንሽ ለስለስ ያለውንና የተመታውን ቤት አስቀረው። እኔ ልጬ፣ ቆርጬ፣ በትንሽ ውሃና በቀረፋ አፈላዋለሁ፣ ሲፈርስ ማርማላታ ይሆናል። አና ጎምዛዛ ስላልሆነ ሎሚ ጨምርበት፣ ካለዚያ አይረጋም፣ ቶሎም ይሻግታል። ልጣጩንና እምብርቱን አትጣል፣ በማሰሮ ውሃና ስኳር ጨምረህ አፉን በነጠላ ጨርቅ አስረህ ተወው። መጀመሪያ ይፈላል፣ ከ1 ወር በላይ ሲቆይ አቼቶ ይሆናል። የኔ ለሰላጣ ከሚገዛው ይሻለኛል። ልጣጩ ከላይ ተንሳፎ ከወጣ ስለሚሻግት በየቀኑ አማስለው።

ማድረቅ በክረምት አትሞክር፤ እኔ ሞክሬ ትሪው ላይ ጥቁር ሆነብኝ። በበጋ ፀሐይ ግን ቀጭን አድርገህ በሎሚ ውሃ ነክረህ ብታሰጣው በ2 እና በ3 ቀን እንደ ቆዳ ይሆናል። ለልጆች ትምህርት ቤት ሸጋ ነገር ነው።

ፌስታል ውስጥ አስረህ እንዳታስቀምጥ ደግሞ። ላቡ መውጫ ያጣና ይበሰብሳል። ፌስታሉን በሹካ ወጋ ወጋ አድርገህ ከሆነ ግን ጥሩ ነው፣ አይጨማደድም።

---

ልማት_ሠራተኛ | ሐምሌ 11

እህቴ ስለ ፌስታሉ ያልሽው ትክክል ነው። ውሃው እንዳይተን ይይዘዋል፣ ቀዳዳው ደግሞ ትርፉን ያወጣል።

ለኩታበር አንድ ነገር ልጨምር። 4ቱን ግራኒ እስከ መስከረም ድረስ ተንከባከባቸው። ወጣት ዛፍ ትልልቅ ፍሬ ይይዛል፣ ትልልቁ ፍሬ ደግሞ ካልሲየም ያንሰዋል። ካልሲየም ያነሰው ሲቀመጥ ከቆዳው ሥር ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሲቀመስ ይመራል። ዩሪያ አብዝተህ ከሆነ ይብስበታል፣ ስለዚህ ከአሁን በኋላ አትጨምር። በረዶ ሲጥል የተመታውን ምልክት አድርግበት፣ ቁስሉ ቢደርቅም ለማስቀመጥ አይሆንም።

የለቀማውን ቀን ደግሞ በዓይንህ አትገምት፣ አረንጓዴ ነው መቼም አይነግርህም። ከፋርማሲ ቁስል የሚጠረግበትን አዮዲን ግዛ። ከተለያዩ ዛፎች 4 እና 5 ፍሬ ወስደህ ወገቡ ላይ አግድም ቁረጠው። በቆረጥከው ፊት ላይ አዮዲኑን ቀባና 2 ደቂቃ ጠብቅ። ስታርች ያለበት ሥጋ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ወደ ስኳር የተለወጠው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም ከጠቆረ ገና ነው። መሀሉ፣ እምብርቱ ዙሪያ፣ ነጣ ብሎ ዳሩ ከጠቆረ ለማስቀመጥ ልቀም። ሁሉም ከነጣ ዘግይተሃል፣ ብላው። የቀባኸውን ፍሬ እንዳይበሉት።

ቀድመህ ብትለቅመውም አይጠቅምህም። ግራኒ ሳይደርስ ተለቅሞ ብዙ ሲቀመጥ ቆዳው በእሳት እንደተለበለበ ይጠቁራል።

---

ኩታበር_ደጋ | ጥቅምት 4

ከረምን ወዳጆቼ። አናውን እመ_ኢክራም እንዳለችው አደረግሁት፣ ማርማላታው 14 ብርጭቆ ወጣ፣ እናቴ ለጎረቤት አከፋፍላ ጨረሰችው።

አዮዲኑን መስከረም 18 ስሞክር ሁሉም ጠቆረ። መስከረም 27 ላይ ከአንዱ ዛፍ ብቻ መሀሉ እንደ አበባ ቅርጽ ነጣ። ዛሬ ጠዋት ደግሜ ሞከርኩ። ከ4ቱም ዛፍ አንድ አንድ ፍሬ ቆርጬ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው፣ ትንሹ ወንድሜ በጥጥ ቀባቸው። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ትንሽ ቆይቶ ከልጣጩ በኩል እንደ ቀለም ጠብታ ጠቆር ጠቆር እያለ ወደ ውስጥ ገባ፣ እምብርቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። 5 ጎን ያለው ነጭ ኮከብ መሀሉ ላይ ቀረ። 4ቱም እንደዚያ። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቀን ወዲያው ለቀማ ጀመርን።

240 ንጹሕ ፍሬ ወጥቷል። ቤቱን እንደ አባባ ማታ እየከፈትኩ ጠዋት እዘጋዋለሁ። በ3 ከፍዬ ነው የማስቀምጠው፦ 80ው እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በካርቶን፣ 80ው በተበሳ ፌስታል፣ 80ው ጭድ ላይ እንዲሁ። ውጤቱን አሳውቃችኋለሁ።

---

ሀምቡርግ_ወሎየ | ጥቅምት 4

ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው። በየሳምንቱ እያየህ የበሰበሰውን አውጣ። እዚህ አንዱን የረሱ ሰዎች ሙሉ ሳጥን ሲጥሉ አይቻለሁ። ሻጋታው ሰማያዊ ሆኖ ይነሳል፣ በተመታው ቦታ ነው የሚጀምረው።

---

ኩታበር_ደጋ | ጥር 14

ጥምቀትን እንዴት አሳለፋችሁ? የቆጠርኩት ትናንት ነው።

ጭድ ላይ ከነበረው 80 ውስጥ የበሰበሰው 3 ብቻ ነው፣ ግን 31ዱ ተጨማዷል። ይበላል፣ ይጣፍጣልም፣ ገበያ ግን አይወጣም። አየሩ በታኅሣሥ በጣም ደርቆ ነበር፣ መሬቱን መርጨት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በጋዜጣው 4 በሰበሰ፣ 9 ትንሽ ተጨማደደ፣ ሌላው ደህና ነው። በፌስታሉ 11 በሰበሰ፣ የቀሩት 69 ግን ትናንት ከዛፍ እንደወረዱ ናቸው፣ ሲነከሱ ድምፅ አላቸው። የበሰበሱት 11ዱ በ2 ፌስታል ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ ቀዳዳ ያሳነስኩባቸው። የሚመጣው ዓመት ፌስታሉን ቀዳዳ አብዝቼ እጠቀማለሁ፣ ለቤት የሚሆነውን በጋዜጣ።

ለገና 90 ፍሬ ሸጥኩ። ዋጋው በሐምሌ አናውን ከሸጥኩበት ከእጥፍ በላይ ነው። ነጋዴው አንዱን ነክሶ «ከውጭ የመጣ ነው?» አለኝ። የኩታበር ነው ስለው አላመነም፣ ሌላ ነከሰ።

---

ኮምቦልቻ_ፍራፍሬ | ጥር 14

ማሻአላህ! ለሚመጣው ገና ለኔም ያዝልኝ። በሐምሌ ያልኩትን ረስቼ አይደለም፣ እንዲህ ያለውን 3 ሳምንት ባቆየው አልፈራም።

---

ልማት_ሠራተኛ | ጥር 14

ቆጥረህ ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ፣ ለሌሎቹ ገበሬዎቼ አነብላቸዋለሁ። አሁን ደስ ብሎህ 20ውን አና ነቅለህ ሁሉንም ግራኒ እንዳታደርግ። አብሮት የሚያብብ ሌላ ዝርያ ከሌለ ፍሬው ይሳሳል፣ አናህ ደግሞ ቀድሞ ነው የሚያብበው። ጎልደን ዴሊሽየስ ወይም ፉጂ መሀል ላይ አስገባ። ፉጂ ጃፓን ውስጥ ተዳቅሎ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ነው ስም የወጣለት፣ ከቀዮቹ ውስጥ በመቆየት የሚደርስበት ጥቂት ነው። ቆዳውም እንደ ጎልደን ቶሎ አይጨማደድም። ጥቂት አና ደግሞ ለክረምቱ ይኑርህ፣ ልጆች የሚበሉት በሐምሌም ያስፈልጋል።

---

ኩታበር_ደጋ | ጥር 15

8ቱን አና ብቻ ነው ልለውጥ ያሰብኩት፣ ሳልነቅል ከላይ ቆርጬ ግራኒና ጎልደን ግራፍት ላደርግበት (ቅርንጫፋቸውን ልቀጥልበት)። ቅርንጫፉን ከታመነ ዛፍ የት አገኛለሁ የሚለው ነው ያስጨነቀኝ፣ ሁለተኛ እንዳልሳሳት።

---

አባ_ጉጉፍቱ | ጥር 15

ልጄ፣ ቅዳሜ የዛፎቹን ግረዛ እጀምራለሁ። የምቆርጠውን ሁሉ አስቀምጥልሃለሁ፣ የግራኒውን በነጭ ክር የጎልደኑን በቀይ ክር አስሬ። ፍሬያቸውንም በዓይንህ ታያለህ፣ ከሁለቱም መደርደሪያው ላይ አለኝ። እርጥብ ኬሻ ይዘህ ና፣ መንገድ ላይ እንዳይደርቅብህ።

---

ኩታበር_ደጋ | ጥር 15

እመጣለሁ አባባ። በመጀመሪያው መኪና ከደሴ እነሳለሁ። ከፌስታሉ ውስጥ 10 ፍሬ ይዤልዎት እመጣለሁ፣ ከእርስዎ ጋር እናስተያየዋለን።